ባትሪያችን በማህበሩ ስብሰባ ላይ

ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በደርግ ጊዜ እኔና ባለቤቴ ዶዮገና አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር። ከጓሯችን፣ ከእንሰቱ ታች፣ በበጋም የማይደርቅ ወንዝ ይወርዳል። ባለቤቴ ውሃውን በቦይ ጠለፈና ከእንጨት የሠራውን መዘውር እንዲያዞር አደረገ። መዘውሩ ደግሞ ሆሳዕና ከቆመ አሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ዲናሞ በቺንጋ፣ በጎማ ቀበቶ፣ ያዞራል። ቀን ዲናሞው የመኪና ባትሪ ይሞላል፤ ሲመሽ አምፖል እናበራለን።

አንዲት ጎረቤታችን፣ እድሜያቸው የገፋ ሴት፣ አምፖሉን ቀና ብለው አይተው «ጋዙን በየት በኩል ነው የምትጨምሩት?» ብለው ጠየቁኝ። የሰፈሩ ተማሪዎች ኩራዝ ትተው እኛ ቤት ማጥናት ጀመሩ።

አንድ ቅዳሜ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስከትሎ መጣ።

«ጓድ መምህር፣ ይህን በማን ፈቃድ ሠራህ?»

«ውሃው እንደሆነ ተመልሶ ወንዙ ውስጥ ነው የሚገባው» አለ ባለቤቴ።

«ውሃው የሰፊው ሕዝብ ነው! ደግሞ ጴንጤዎች መሆናችሁን እናውቃለን። በየምሽቱ ሰው ሰብስባችሁ ምን እንደምትዶልቱ ማን ያውቃል?»

«ልጆች እኮ ናቸው! የቤት ሥራቸውን ነው የሚሠሩት» አልኩ። ዞር ብሎም አላየኝ። ባትሪውንና ዲናሞውን ነቅለው ወሰዱ። መዘውሩንም በመጥረቢያ ፈለጡት። እንጨቱ ምን አደረጋቸው?

በሳምንቱ ስብሰባ ተጠራን። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያ አብዮቱ ለገበሬው የኤሌክትሪክ መብራት እንደሚያመጣ ይናገራል። ጠረጴዛው ስር ሳይ ድምፅ ማጉያው የተያያዘው ከእኛ ባትሪ ጋር ነው። መቀመጥ አቃተኝ።

«የምትናገርበት ባትሪ የእኛ ነው! መብራቱን ያጠፋኸው አንተ ነህ!»

ባለቤቴ ቀሚሴን ይጎትታል። እኚያ አሮጊት ጎረቤታችን ግን ተነሥተው «እውነቷን ነው፤ እኔም አይቻለሁ» አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። ሊቀመንበሩ ስብሰባውን በመፈክር ዘጋው።

ብዙም ሳይቆይ ባትሪው ደከመና ባለቤቴን አስጠሩት።

«ሙላልን» አለው ሊቀመንበሩ።

«በምን ልሙላው? መዘውሩን ፈለጣችሁት እኮ!»

ለዚህ መልስ አንድ ሳምንት አሰሩት። ከእስር ሲወጣ ወደ ሾኔ አዛወሩት፤ እኔና ልጆቼ ዶዮገና ቀረን። አብረን መኖር የጀመርነው ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ «እስቲ እንደገና ሞክረው» ብዬ ለመንኩት። «ተይኝ፣ ደክሞኛል» አለኝ። ባትሪው ይቅር፤ እሱን እንዲህ ማድረጋቸውን ግን ይቅር ልላቸው አልቻልኩም።