የመርሳት ተመራማሪው ሲረሳ

ሥራዬ የሰው መርሳት ነው። አልዛይመር ያለባቸውን ወይም ጭንቅላታቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች ሳጠና፣ «ሎሚ፣ ቁልፍ፣ በሬ። ትንሽ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ» እላቸውና ሌላ ወሬ አውርተን ሦስቱን ቃላት ያስታውሱ እንደሆነ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ።

በቀደም ስለዚሁ ጉዳይ ንግግር ላደርግ ወደ አትላስ ስሄድ፣ ኢምፔሪያል የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ድንገት አቀፉኝ። ማን እንደሆኑ ፈጽሞ አላውቅም። ታዲያ እንደዚያ ያቀፈን ሰው «ማን ነዎት?» ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ? ስም ለጠፋበት ሰው መሸሸጊያ የሆነችውን «ጋሼ»ን ይዤ ገባሁበት።

«ጋሼ፣ ጠፉ እኮ። ልጆች ደህና ናቸው?»

«ልጅ የለኝም» አሉ ረጋ ብለው።

«እሱማ የእህትዎን ልጆች ማለቴ ነው።»

«እህትም የለኝም።»

«ሥራስ እንዴት ነው?»

«ጡረታ ከወጣሁ ቆየሁ።»

ይባስ ብሎ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ መርሳት ላስተምር የምሄደው ሰውዬ ላብ በላብ ሆኛለሁ። «አሁንም እዚያው ሰፈር ነዎት?» ስላቸው፣ ሳቃቸውን አፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በመጨረሻ «ወራጅ አለ» ብለው ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው ባርኔጣቸውን አነሡልኝ። ከግንባራቸው እስከ መሀል አናታቸው የሚሄድ ጠባሳ አለ።

«ያኔ መኪና ገጭቶኝ መጥቼ ስትጠይቀኝ ቃላቱ አልመጡልኝ ብለው ነበር» አሉ። «ሎሚ፣ ቁልፍ፣ በሬ። የኔን ስም ደግሞ ትንሽ ቆይቼ እጠይቅሃለሁ።»