ያጠጡኝ የፉርሽካ ውኃ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ነው።

በአንድ ጨርቅ ማምረቻ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርሁ። ክር ሲሸመን እንዳይበጠስ ስታርች ይቀባል፤ ጨርቁ ቀለም እንዲይዝ ደግሞ ስታርቹ መልቀቅ አለበት። የሚያስለቅቀው ኢንዛይም የሚመጣው ከውጭ ነበር። ምንዛሪ ሲጠፋ እሱም ቀረ።

ኢንዛይሙን የሚሠራው ባክቴሪያ አፈር ውስጥ እንደሚገኝ፣ በፉርሽካም እንደሚራባ ተምሬ ነበር። «እዚሁ እንሥራው» ብዬ ለአለቃዬ ለአቶ ዘለቀ ነገርሁት። ያኔ አንቱ እለው ነበር፤ ዛሬ አንቱታውን ነፍጌዋለሁ።

«እዚህ ቦታ የለም፤ ቤትህ ሞክረው» አለኝ።

ከሐይቁ ዳር አፈር አመጣሁ። ከሐጂ ሰይድ ወፍጮ ቤት ፉርሽካ ገዝቼ ጓሮዬ ውስጥ በሁለት እንስራ ዘፈዘፍሁ። ሽታው ሰፈሩን አስመረረ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ጎረቤቱም ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ሕዝብ በረሃብ እያለቀ አንተ እህል ታበሰብሳለህ? ወይስ ሐይቁን ልትመርዝ ነው?»

«ፉርሽካ ነው። ለሥራ ነው። አለቃዬ ያውቃሉ፤ ይጠየቁ» አልሁ።

አስጠሩት። እንስራዎቹን አየ፤ ወደኔ ግን ዞር አላለም።

«ስለዚህ ነገር የማውቀው የለኝም» አለ።

ሊቀ መንበሩ በጣሳ ቀዳና «መርዝ ካልሆነ ጠጣው» አለኝ። «ተው» ያለ ጎረቤት አልነበረም። እንዲያውም አንዷ «ይጠጣና እንየው» ስትል ሰምቻለሁ።

ጠጣሁ። እንደ ልጋግ ይዝለገለጋል። ከዚያ ወስደው ቀበሌ አሰሩኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰኝ ማንም አልጠየቀኝም።

በሦስተኛው ቀን ሐጂ ሰይድ አንድ ጆንያ ፉርሽካ ተሸክመው መጡ። ሊቀ መንበሩ ፊት አወረዱት።

«የሸጥሁለት እኔ ነኝ። ከብት የሚበላው ነው። ጥፋት ከሆነ እኔንም እሰሩኝ» አሉ።

ለቀቁኝ። ቤቴ ስደርስ እንስራዎቹ ተሰባብረው ነበር። ኢንዛይሙ ይሥራ አይሥራ ሳላውቅ ቀረሁ።

አቶ ዘለቀ ጡረታ ከወጣ በኋላ ሽማግሌ ላከብኝ። አልታረቅሁም። «ፈርቶ ነው እኮ» ይሉኛል። መፍራቱንማ አውቃለሁ። ሐጂም ፈርተው ነበር። ቢሆንም ጆንያቸውን ተሸክመው መጡ።