ሙዚቃ እንዳይሰሙ የተባሉት እናቶች

ብሌን አለፈች። ታናሽ እህቴ፣ ያቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ከላፕቶፗ ጋር የተጋባችው ልጅ፣ ትናንት የማስተርስ ጥናቷን አቅርባ አለፈች። እንደምን ዋላችሁ ማለቱንም ረሳሁት... ይቅር በሉኝ፣ ከትናንት ጀምሮ ገና አሁን ነው በደንብ የተነፈስኩት።

ለማታውቋት፣ ብሌን የምትማረው የሙዚቃ ሕክምና ነው። ይሄን ስናገር ሰው ሁሉ «ዘፋኝ ልትሆን ነው እንዴ?» ይለኛል። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ለካ መዝፈኑ ቀላሉ ነው። ከባዱ ዘፈኑ ሰውን መርዳት አለመርዳቱን ማረጋገጡ ነው። የጥናት ዘዴ የሚባል ትምህርት አለ... ቤታችንን ያመሰው እሱ ነው።

ጥናቷ እንዲህ ነው። መሀል ከተማ የነበረው ሰፈራቸው ፈርሶ እዚህ ሰዓሊተ ምሕረት አካባቢ ኮንዶሚኒየም የገቡ እናቶች አሉ። ጎረቤት ተበትኖባቸው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው፣ መስኮት ላይ ተቀምጠው የሚውሉ። ብሌን የአንዱን ብሎክ እናቶች እየሰበሰበች ክራር ትመታላቸዋለች፣ አብረዋት ይዘፍናሉ። የማዶው ብሎክ እናቶች ግን ጥናቱ እስኪያልቅ ምንም አይደረግላቸውም፤ ተራቸው በኋላ ነው። ስማቸውም ኮንትሮል ግሩፕ ይባላል። የተዘፈነላቸው ከተሻላቸው፣ ማዶዎቹ ደግሞ እንደነበሩ ከቆዩ፣ ሙዚቃው ሠርቷል ማለት ነው። ለዚህ ብላ የሚዘፍኑትን እናቶች «ስለምንሠራው ነገር ለማዶዎቹ እንዳታወሩ» ብላ ቃል አስገብታቸው ነበር።

ታዲያ ሁሉም አልቆ መልሱ ሲታይ... ሁለቱም ብሎክ እኩል ተሽሎታል። ማዶዎቹ እንዲያውም በለጥ ብለዋል።

ብሌን አልጋዋ ላይ ጥቅልል ብላ «እትዬ፣ ሙዚቃው ምንም አልሠራም ማለት እኮ ነው። ምን ብዬ ነው የማቀርበው?» አለችኝ። እኔም ሁለት ዓመት ውሃ በላው አልኩ በልቤ።

በማግስቱ ከኢምፔሪያል ሰፈር ስመለስ ማዶዎቹን በእሷ ስም ላመስግን ብዬ ብርቱካን ይዤ ወደ ብሎካቸው ሄድኩ። ደረጃውን ሳልጨርስ ጭብጨባ ሰማሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው ሁለቱም ብሎክ እዚያ ቤት ታጭቋል። መሀል ቆመው ዘፈኑን የሚያወጡት እማማ ዘነበች ናቸው፣ ብሌን ከምትዘፍንላቸው እናቶች አንዷ።

«እማማ፣ እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እንደምታዪው ነዋ። ግቢና አጨብጭቢ።»

«ለማዶዎቹ አትንገሩ አልተባላችሁም እንዴ?»

«አታውሩ ነው የተባልነው። አንዲት ቃል አላወራንም። ዘፈንን እንጂ።»

የቤቱ ባለቤት እማማ ጥሩነሽ ከጎን ቀበል አደረጉና «ኧረ እነሱ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው የደረሱልን» አሉኝ።

«የልጅቷ ጥናት እኮ...» ስል እማማ ዘነበች አላስጨረሱኝም።

«አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ ሁለት እንግዳ ቢመጣ አንዱን አጉርሰሽ ሌላውን ጣሪያ ታስቆጥሪዋለሽ? እኛ እንቅልፋችን ተመልሶ፣ እነሱ ኩርምት ብለው እያየናቸው? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል።»

ብርቱካኑን አስቀምጬ አጨበጨብኩ።

ቤት ገብቼ ስነግራት ብሌን መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ ፊቷን ያዘች። «ተበላሸ። የማነጻጽረው ሰው የለኝም።»

«እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው» አልኳት። «ማዶዎቹን ከዘፈኑት ጋር ደምሪያቸውና ሁሉም ተሻላቸው ብለሽ ዝም በይ። ማን ያያል?»

«እትዬ፣ እንደዚያ አድርጌማ አልመረቅም።»

ልጅቷ ተመልሳ ሄደች፤ ማን ከማን ጋር እንደዘፈነ፣ መቼ እንደጀመሩ፣ አንድ በአንድ ጠይቃ ሁሉንም እንዳለ ጻፈችው።

ትናንት ታዲያ ጥናቷን ስታቀርብ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ፈታኙ ፈገግታ የሚባል ነገር ያልፈጠረባቸው ሰውዬ ናቸው። ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉና «ኮንትሮል ግሩፕሽ የታለ?» አሏት።

«የለኝም ዶክተር። ዘፍነውላቸዋል።»

«ማነው የዘፈነላቸው?»

«የመጀመሪያዎቹ እናቶች። እንዳታወሩ ብያቸው ነበር። አትዝፈኑ ግን አላልኳቸውም።»

ሰውዬው መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ እዚያው ስለቴን ጀመርኩ። «ስለዚህ ሙዚቃሽ ይሥራ አይሥራ በዚህ ጥናት ማረጋገጥ አትችዪም።»

«አልችልም። የጻፍኩትም እንደዚያ ብዬ ነው።»

ውጡ ተባልን። ኮሪደሩ ላይ ብሌን እጄን ጨምቃ ያዘችኝ። ስንጠራ ተከትያት ገባሁ።

«ይሄን ደብቀሽው ቢሆን ኖሮ እጥልሽ ነበር» አሏት። እኔ ጣሪያውን አየሁ። «ጥቃቅን እርማት አለብሽ። አልፈሻል።» ከዚያ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ «ለወደፊቱ ግን ኮንትሮል ግሩፕሽን ሌላ ክፍለ ከተማ አድርጊው» አሉ።

ብሌን እስካሁን ተኝታለች። እኔ ለድግሷ ድስት እየቆጠርኩ ነው። የባቡሩ ሥራ መንገድ ዘጋብኝ የሚል ሰበብ አልሰማም፣ ከመገናኛ በእግርም ይመጣል። እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁላችሁም እኛ ቤት።