ማንን?

ባሌን ሥራ ቤት «ወይኔ» ነበር የሚሉት። ስንጥር ጣቱን ጫር ባደረገው ቁጥር «ወይኔ! ወይኔ ሞትኩ!» ብሎ ጣውላውን ጥሎ ስለሚዘል ነው። እኔ እዚያው የእንጨት ሥራ ድርጅት ከጀርባ ባለችው ክፍል ቫርኒሽ እቀባለሁ። መጋዙ ጸጥ ብሎ የሱ ጩኸት ሲቀጥል «ዛሬ ደግሞ ምን ነካው ይሄን ሰውዬ!» እያልኩ በመስኮቱ አንገቴን አወጣለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፍሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ቢላጥ ነው። ቤት ሲመጣም ያው ነው፤ ራበኝ፣ በረደኝ፣ ጫማው ጠበበኝ፣ ወገቤን ቆረጠኝ። ልጃችን አንድ ቀን «አባዬ፣ ያላመመህ ቦታ የቱ ጋ ነው?» ብላው በሳቅ ልትገድለን ነበር።

ታዲያ ለራሱ ብቻ የሚጮህ ሰው እንዳይመስላችሁ። መንገድ ላይ የማያውቃት ሴትዮ ብትደናቀፍ ከኔ ቀድሞ «እኔን!» የሚለው እሱ ነው። ጓደኛውን መዶሻ ጣቱን ቢመታው «እኔን! እኔን!» እያለ ያሻል፤ የሚያሸው ደግሞ የጓደኛውን ጣት አይደለም፣ የገዛ ራሱን ነው። በዚህም ይስቁበት ነበር። እኔ እንኳ ያገባሁት ለዚህ ነው ብል ውሸት አይሆንብኝም።

ነገር የተበላሸው መጋዙ አጠገቡ የሚሠራውን ሰው ጣቶች የበላ ዕለት ነው። ጣቶቹን ከሰጋቱራው ውስጥ የለቀመው ባሌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲነሳ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚንቀጠቀጥ እጅና መጋዝ ደግሞ አብረው አይኖሩም። አለቃው ጥቂት ቀን ታገሠውና «ወይ እጅህን አርጋ፣ ወይ ሥራውን ተው» አለው። ሌላ ሙያ የለው፣ ሌላ ገቢ የለን። እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ ጠላ።

ከሰፈራችን ጎሚስታ በላይ ባለችው ክፍል መርከበኛው የሚባሉ ጡረተኛ ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን በመርከብ ሞተር ክፍል ጨርሰው፣ ከዚያ ሩቅ አገር አንድ የቡድሂስቶች ገዳም ገብተው ዓመታት ተቀምጠው የመጡ ሰው ናቸው። ለፈለገ ሁሉ ከሥራ በኋላ አርምሞ ያስተምራሉ፤ እሳቸው ግን «መቀመጥ» ነው የሚሉት። «መቀመጥ ደግሞ ትምህርት ቤት ያስፈልገዋል?» ብዬ ሳቅሁ። ባሌ ብቻዬን አልሄድም ብሎ እኔንም ጎተተኝ።

ክፍሏ ምንጣፍና ትራስ ብቻ ናት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ከታች ጎሚስታው ጎማ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፤ ወለሉ ይነዝራል። እኔ መስኮቱን ዝጉ ሊሉ ነው ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው ጭራሽ ከፈቱት።

«ትንፋሻችሁን እዩ» አሉ። «ሲገባ ገባ፣ ሲወጣ ወጣ፤ ሌላ ሥራ የለባችሁም።» ቆየት ብለው ደግሞ፣ «አሁን መዶሻውን ስሙ። ድምፅ አለ፣ እኔ ደግሞ እሰማለሁ ትላላችሁ። እስቲ ድምፁ የት ጋ አልቆ ሰሚው የት ጋ እንደሚጀምር ድንበሩን ፈልጉልኝ።»

እኔ ነገረኛዋ ፈለግሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ላንዳፍታ ድንበሩ ጠፋኝ። እኔም፣ ክፍሏም፣ መዶሻውም የሉም፤ ዷ! የሚለው ብቻ ቀረ። ደስ ይላል፣ ያስፈራልም። ወዲያው ምድጃ ላይ የተውኩት ድስት ትዝ አለኝና ጫማዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ደግሜ አልሄድኩም። ባሌ ግን እዚያው ቀረ።

እጁ ረጋ። እሰይ! መርከበኛውን በልቤ ስንቴ መረቅኋቸው! «ፍርሃቱ ይመጣል፤ ሲመጣ አየዋለሁ፤ ይሄዳል» ይለኝ ነበር፤ መተኛት ጀመረ፣ መብላት ጀመረ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ ማታም ይቀመጣል። ምን ቸገረኝ፣ ይቀመጥ አልኩ።

መጀመሪያ የጠፋችው «ኝ» ናት። አንድ ምሳ ላይ «ራበ» አለ።

«ማንን?» አልኩት።

ፈገግ አለ። በማግስቱ «በረደ» አለ። «ማንን?» አለች ልጄ። ከዚያማ የቤታችን ጨዋታ ሆነ፤ እሱ «ደከመ» ሲል እኛ «ማንን?» እንላለን፤ ሦስታችንም እንስቃለን። ሥራ ቤትም ተዛመተና «ወይኔ» የሚለው ስም ቀርቶ «አቶ ማንን» ተባለ። አንድ ቀን የእንጨት ስንጥር መዳፉ ውስጥ ዘልቆ ገባ። ደሙ እየተንጠባጠበ የሰው እጅ እንደሚያይ ቆሞ ሲያየው፣ አንዱ ቀልደኛ «ወይኔ እኮ ሞቷል፤ ቀብሩ መቼ ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን መዳፉን ይዤ ስንጥሩን ነቀልኩለት።

አለቃውማ ደስታውን አልቻለውም፤ «እጅ ማለት ይሄ ነው!» ይላል። በመስኮቴ ሳይ ጣቶቹ ከቀድሞው ይልቅ ለመጋዙ ጥርስ ቀርበው ያልፋሉ። ነባሮቹ አናጢዎች «መጋዝ የሚፈራ ጣቱን ይዞ ይቀበራል» ይላሉ። የኔው ሰው ፍርሃቱ የት እንደገባ እንጃ። ብሩሼን ይዤ ቆሜ እቀራለሁ፤ ቫርኒሹ ይደርቅብኛል።

አንድ እሁድ ልጄ ከደረጃው ላይ ተንከባላ ወደቀች። እሱ ከላይ ቆሞ ነበር። እኔ ከታች «እኔን! እኔን! ልጄን!» እያልኩ ስሮጥ እሱ ቀስ ብሎ ወረደ፤ አነሳት፣ ጉልበቷን በውሃ አጠበ፣ በንጹህ ጨርቅ አሰረላት። ከማንም አባት የተሻለ አደረገ፤ በዚህ አልከሰውም። ልጅቷ ግን ማልቀሷን አልተወችም። ጉልበቷ መስሎኝ ሳባብላት ጆሮዬ ሥር «አባዬ ‹እኔን!› አላለኝም» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «አንተ ሰውዬ፣ እንጨት ነህ?» አልኩት።

«ህመም ታየ» አለኝ። «መጣ፣ ሄደ።»

«የማን ህመም?»

«የማንም።»

ይህችን ጊዜ አልሳቅሁም። በነጋታው ከሥራ ቀጥታ ወደ መርከበኛው ሄድኩ፤ ጫማዬንም አላወለቅሁም።

«ጋሼ፣ ባሌን ምን አደረጉብኝ?» አልኳቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። የደረጃው ጋ ስደርስ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ልጁ ስትወድቅ ዝም አለ?»

«ዝም አለ። ማንም የለም ይላል።»

«ልጄ፣ እኔ የማስተምረው በሱና በልጁ መሀል ድንበር የለም ብዬ ነው። ድንበር ከሌለ የሷ ጉልበት የሱ ጉልበት ነው። እኛ ሰው ሲወድቅ ‹እኔን!› የምንለው ምን ማለት ይመስልሻል? እሱ ድንበሩን አላፈረሰም። ቤቱን ዘግቶ ወጥቶ ሄደ።» ቀጥለውም፣ «ገዳም ውስጥ አይቻለሁ። እዚያ ቦታ ደርሰው የሚቀሩ አሉ፤ ሰላም ይመስላቸዋል። ሰውነት እኮ ይጣራል፤ ሲጣራ አቤት የሚል ቤት ውስጥ መኖር አለበት» አሉ።

ያኔውኑ ተከትለውኝ ቤት መጡ። ልጁን እንደሚመክር አባት ለመኑት፤ «ለጊዜው መቀመጡን ተው፤ ብላ፣ ተጣላ፣ ከልጅህ ጋር ተጫወት። ሲያምህ አመመኝ በል። ቡድሃም ሲያመው አሞታል» አሉት። ባሌ በዚያ በለመደው ፈገግታ አያቸውና «የሚተወው ማነው?» አላቸው። ሽማግሌው በር ላይ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር እያሰሩ፣ «ዓይንሽን ከሱ እንዳታነሺ» አሉኝ።

አላነሳሁም። ግን ዓይኔ የነበረው መጋዙ ላይ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? እኔ የፈራሁት ጣቶቹን ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ «ሆድ አመመ» አለ።

ልጄ «የማን ሆድ?» አለች። እኔም ከአፌ ቀድሞ «ማንን?» አልኩ፤ ልማድ ነዋ! ሳቅን፤ እሱም ሳቀ። ሳህኑን ግን ገፋ አደረገው።

በማግስቱ ጎኑን ይዞ መጉበጥ ጀመረ። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኩት። «ህመም አለ፤ እየታየ ነው» ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ላብ ከግንባሩ አገጩ ላይ ይወርዳል፣ ፊቱ ግን የተኛ ሕፃን ፊት ነው። ተቆጣሁ፣ አለቀስኩ፣ አፈር ስሆን ብዬ ለመንኩት። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም!» ስለው «ማን ሸሸገ? እየታየ ነው እኮ» ይለኛል። ጎረቤት ልጠራ ወጣሁ። የጎረቤታችን ሰው መጥቶ በበሩ አየውና «ይሄማ እንዲህ ረግቶ ተቀምጦ! የታመመ ሰው አላየሽም እንዴ?» ብሎኝ ሄደ። እንደ ድሮው አንዴ «ወይኔ» ቢል ኖሮ ሰፈሩ በሙሉ ተሸክሞ ይወስደው ነበር።

ሲነጋ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። «ሄደ» አለ። «ድንገት ተወ። ታየ፣ ሄደ።» እኔም የዋህ እልል ማለት ነው የቀረኝ። ሻዩን ጠጣ፣ ልጁን ግንባሯን ስሞ ሥራ ገባ። የሳማት ከንፈሩ ትኩስ ነበር ያለችኝ በኋላ ነው።

ከምሳ በኋላ የመጋዙ ድምፅ ተለወጠብኝ። እንጨት የያዘ መጋዝ ያጉረመርማል፤ ባዶውን ሲዞር ግን ቀጭን ጩኸት ነው የሚጮኸው። ያ ባዶ ጩኸት አላቋርጥ አለ። ብሩሹን ጥዬ ሮጥኩ። ባሌ ከማሽኑ ሥር ሰጋቱራው ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። እጆቹን ነጥቄ አየሁ። ጣቶቹ ሁሉም ሙሉ ናቸው። «ተመስገን!» አልኩ፤ ወይ ሞኝነት!

ሐኪም ቤት ዶክተሯ ሆዱን ጫን እያለች «እዚህ ጋ ያምሃል?» ትለዋለች። «ሙቀት አለ» ይላታል። «ይጠብቃል፣ ይለቃል።» ግራ ገብቷት ወደኔ ዞረች። ነገርኳት።

«ዛሬ ጠዋት ድንገት ተወው?» አለች።

«አዎ። ደስ ብሎን ነበር።»

«ትርፍ አንጀቱ የፈነዳው ያኔ ነው» አለችኝ። «ይሄን ህመም ሰው ቁጭ ብሎ አይችለውም። አልጮኸም?»

«ድሮ ይጮህ ነበር» አልኳት።

ቀደዱት፣ አጠቡት፣ ሰፉት፤ መርዙ ግን ደሙ ውስጥ ገብቷል። ልጄን እህቴ ዘንድ ትቼ አልጋው አጠገብ ዋልኩ። ዓይኑን አይገልጥም፣ አይናገርም። ነርሷ መርፌ ስትወጋው ቅንድቡ እንኳ አይነቃነቅም። ይሄ ሰውዬ ቆልፎት የወጣው ቤት ውስጥ ማን አለ? እያልኩ አየዋለሁ። ስሙን ጠራሁ። «ወይኔ» ብዬም ጠራሁት፤ በዚያ በድሮው።

ከሰዓት በኋላ ትራሱን ላቃናለት በአልጋው ግርጌ ስዞር ቅልጥሜ ከብረቱ ጋር ተላተመ። «ኡፍ!» ብዬ እዚያው ጎበጥኩ።

«እኔን!» አለ።

ቀና አልኩ። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው። ግሉኮስ የተሰካበት እጁ አንሶላው ሥር እየዳኸ ወደ ታች ወረደ፤ ቅልጥሙ ጋ መድረስ አቅቶት ጭኑን ማሸት ጀመረ፤ የራሱን።

«አመመሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ አመመኝ» አልኩት፤ እንባዬ አፌ ውስጥ እየገባ። «አመመኝ፣ የኔ ጌታ።»

«እኔንም» አለ። «እኔንም አመመኝ። በጣም አመመኝ። ወይኔ…»

በሩን በርግጄ ወጥቼ «አመመው! አመመው! ኧረ ድረሱ፣ ባሌን አመመው!» እያልኩ በኮሪደሩ ጮህኩ። የምሥራች እንጂ መርዶ የምናገር አልመስልም ነበር። ዶክተሯ ሮጣ መጣች። ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር። ጀንበር ሳትጠልቅ ሞተ።

ቤት ሰው በሞላበት ቀን መርከበኛው መጡ። በሩ ላይ ቆሙ፤ መግባትም መመለስም አቃታቸው። ሰው ሁሉ መንገድ ሲለቅላቸው እኔ አልለቀቅሁም። «መጨረሻ ላይ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ እጁ የት እንደሄደም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ተንሰቀሰቁ።

ንዴቴ አልበረደልኝም ነበር። «እስቲ ይንገሩኝ ጋሼ» አልኳቸው ሰው ሁሉ እየሰማ፤ «አሁን ይሄ የሚያለቅሰው ማነው?»

እጃቸውን ከፊታቸው አነሱ። «እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

ቅልጥሜ ገና ጠቁሮ ያመኝ ነበር። እያነከስኩ ሄጄ ወንበር አመጣሁ።

«በሉ ይቀመጡ» አልኳቸው።