የሲኞራ ድንጋይ

ሮም ውስጥ የምሠራላቸው አሮጊት ሲኞራ ሳሎናቸው ውስጥ አንድ ድንጋይ አላቸው። አባታቸው "ከእናንተ አገር" እንዳመጡት ይናገራሉ፤ ከየት እንደሆነ ግን አያውቁም። ሁልጊዜ በደረቅ ጨርቅ ነበር የምወለውለው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ከሰዓት እረፍቴ ስለሆነ ቸኩዬ እርጥቡን ጨርቅ ሳልጨምቅ ጠረግኩበት። የረጠበ ድንጋይ ሽታ ሸተተኝ፤ ወዲያው ድንጋዩ ላይ ሁለት ቀያይ ቀንዶች ብቅ አሉ።

ተማሪ ሳለሁ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ወዳለ ዋሻ የጥንት ሥዕል ሊያስጎበኙን ወስደውን ነበር። አስጎብኚው ግድግዳው ላይ ውሃ ሲረጭ የደበዘዙት ላሞች ቀልተው ወጡ። እኛ አጨበጨብን፤ የዋሻው ጠባቂ ሽማግሌ ግን ተቆጡ።

"ውሃው ሥዕሉን ያሳያችኋል፤ እያጠበም ይወስደዋል።"

አንዷ ላም ራስ አልነበራትም፤ ድንጋዩ እዚያ ጋ ተፈንቅሏል።

"ራሷ የት ሄደ?" አልኳቸው።

"እንግዳ ይዞት ሄደ።"

ስንወጣ በሩ ላይ ቆመው የሁላችንንም መዳፍ አዩ። ተናደድኩ።

"አባባ፣ እኔ ሌባ እመስላለሁ?"

"ሌባማ ሌባ አይመስልም፣ ልጄ። እጅሽን ዘርጊ።"

ቤት እስክደርስ እንዳኮረፍኩ ነበር።

አሁን ቀንድ ይሁን ዝገት ሳልለየው የሲኞራ ድንጋይ ደረቀና ቀለሙ ጠፋ። ደግሜ ላረጥበው ጨርቁን አነሳሁ፤ ሽማግሌው ትዝ አሉኝና ተውኩት።

ሲኞራ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። ቦርሳዬን ሳያዩ ሸኝተውኝ አያውቁም።

"ምን ያዝሽ?"

"ኒየንቴ፣ ሲኞራ፤ ምንም አልያዝኩም።"

"እንግዲያው እጅሽን አሳዪኝ።"

ዘረጋሁላቸው። እኔም የእሳቸውን እጅ አየሁ።