«ህዋሱ ስንት አባል አለው?»

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ከተከራየሁት ቤት ጠዋት ፖሊሶች መጥተው ወሰዱኝ። የታሰሩ ባልደረቦቻችን ፍርድ ቤት ይቅረቡ የሚል ደብዳቤ ላይ ፈርሜ ነበር። ስልኬን ወሰዱ፤ ለፋርማሲ ተማሪዎቼ ትምህርት የማዘጋጅበትን ደብተርም ጨመሩ።

ያስገቡኝ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀትር ላይ ይፋጃል። የሽንት ባልዲው ጥግ ላይ ነው። ከእሱ ራቅ ብለው አንድ አዛውንት ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። እግራቸው ከማበጡ የተነሳ ጫማቸው አልገባ ብሏቸዋል። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ከአካባቢያቸው ሽማግሌዎች ጋር አቤቱታ ፈርመው ነው የመጡት።

«ስኳርና ግፊት አለብኝ» አሉኝ። «ኩላሊቴም ጠባሳ ይዟል ብለውኛል። ክኒኔን ልጄ አምጥታ ነበር። ጠባቂዎቹ ተቀበሏትና አስቀሩት።»

የክኒኑን ስም ጠየቅኳቸው። ሎሳርታን ነው። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ስለዚሁ መድኃኒት ነበር።

በአምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ መርማሪው አስጠራኝ። ደብተሬን ዘርግቶ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል።

«ህዋሱ ስንት አባል አለው?»

«የቱ ህዋስ?»

«አንተ የጻፍከው!» ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «‹ተቀባዩ መልእክቱን ወደ ህዋሱ ያስተላልፋል። ተቀባዩ ከታገደ መልእክቱ አይደርስም።› ተቀባዩ ማነው?»

«ስለ ኩላሊት ነው» አልኩ። «የኩላሊት ህዋሶች ላይ ተቀባይ የሚባል አካል አለ። አንድ ሆርሞን መጥቶ ሲያርፍበት ጠባሳ እንዲሠራ መልእክት ይገባል። ጠባሳው ሲበዛ ኩላሊት ደም ማጣራት ያቅተዋል። መድኃኒቱ ቀድሞ ቦታውን ይይዝበታል። እኔ ጋ የታሰሩት አባት የተከለከሉት እሱን ነው።»

በጥፊ መታኝ። ጆሮዬ ጮኸ። ከዚያ ከመሳቢያው ክኒን የያዘ ጥቁር ፌስታል አወጣ።

«ይሄን ነው የምትለው? ተቀባዮቹን በስም ጽፈህ ፈርም። ሽማግሌው ዛሬውኑ ይውጣታል። እስከ ከሰዓት አስብበት።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ስም አስቤ ነበር። ለአዛውንቱ የተባልኩትን ነገርኳቸው።

«ስማቸውን የምትጽፋቸው ሰዎች ልጆች አሏቸው?» አሉኝ።

«አላቸው።»

«እንግዲያው ተወው፣ ልጄ። በእኔ ኩላሊት የሰው ቤት አይፈርስም።»

ይህን ብለው ያበጠ እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ወዲያ አዞሩት።

ከሰዓት ስጠራ መርማሪው የሰጠኝን ወረቀት እዚያው ፊቱ ሞላሁት። «አብረውኝ የታሰሩት አዛውንት የኩላሊት ሕመምተኛ ናቸው። እግራቸው አብጧል። መድኃኒታቸው በዚህ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ሐኪም እንዲያያቸው እጠይቃለሁ።» ስሜንና ሙያዬን ጽፌ ፈረምኩ።

አነበበውና ቀደደው። ሌላ ወረቀት ሰጠኝ። ቃል ሳልቀንስ ያንኑ ደግሜ ጻፍኩ። ሦስተኛ ወረቀት አልሰጠኝም።

ክኒኑ አልመጣም። ከሳምንታት በኋላ ሁለታችንንም ያለ ክስ ለቀቁን።

አዛውንቱ አሁን በሳምንት ሁለቴ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። ሥራ በሌለኝ ቀን አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ባለፈው ልጃቸው ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ያኔ ክኒኑ ቢሰጣቸው ኖሮ እዚህ ይደርሱ ነበር?»

መድኃኒቱ ጠባሳን ያዘገያል እንጂ የቆየውን አያጠፋም። የእነዚያ ሳምንታት ድርሻ ስንት እንደሆነ ማንም ሊነግራት አይችልም። «አላውቅም» አልኳት። አባቷ ስለ ወረቀቱ ነግረዋታልና ‹አንተ ስም ጽፈህ ቢሆንስ?› ማለቷ እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ራሴንም የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አባቷ ሰምተውናል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ እኔ በማላውቀው ሲዳምኛ አንድ ነገር አሏት። ምን እንዳሏት አልነገረችኝም። ወንበሯን ግን አንስታ አጠገቤ አስቀመጠች።