ማርስ ላይም «እሺ፣ አባባ»

ታናሽ እህቴ ሞጣ ታስተምራለች፤ እኔ ቢቸና፣ አባታችን ቤት ነኝ። ለመስከረም አዲስ አበባ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን እንድትማር ተፈቅዶላታል። አባታችን ግን ዝውውር ጠይቃ ቢቸና እንድትገባላቸው ይፈልጋሉ። በደወሉ ቁጥር «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይሏታል። እሷም «እሺ፣ አባባ» ትላለች። እሺ ብሎ ነገር! ትሄዳለች ወይስ ትመለሳለች? ማንም አያውቅም፤ ራሷም ጭምር።

በዚህ መሀል ጨዋታ ሠራች። በስልክ የሚነበብ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ሥዕል እየታየ ታሪኩ ይሄዳል፣ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ መልሱን አንባቢው ይመርጣል። ሐሳቡን ስትነግረኝ እጄን በአፌ ጫንኩ። አንዲት መሐንዲስ ማርስ ላይ ከተማ ልትሠራ መንገድ ትጀምራለች። አባቷ ከምድር ሆነው በሬዲዮ «ተመለሽ» ይሏታል። መርከቧ ውስጥ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ አለ። ያቺን ሰዓት ደጋግማ እየኖረች ሌላ ሌላ መልስ ትሰጣለች፤ እያንዳንዱ መልስ ሌላ ሕይወት ይከፍትላታል። እንዲህ ያለ ነገር ከእኛ ቤት ይወጣል ብዬ አስቤም አላውቅ። ኮራሁባት።

ከዚያ ላከችልኝ። ቅዳሜ ከገበያ እንደተመለስኩ ቁጭ ብዬ ከፈትኩት። ሥዕሉ ያምራል። ሬዲዮው ጮኸ፣ አባትየው «ተመለሽ» አሉ፣ ምርጫው መጣ። አንደኛው «እሺ፣ አባባ»። ሁለተኛው «እንዳሉ፣ አባባ»። ሦስተኛው ዝምታ። ዝምታውን ነካሁ። አባትየው «ዝም ካለችማ ተስማምታለች» አሉና መርከቧ ዞረች። ወይ አምላኬ! ጊዜውን መልሼ ሌላውን ሞከርኩ፤ ያው ምድር፣ ያው የአባት ግቢ። ጊዜን የሚመልስ መሣሪያ ይዛ እንቢ የምትልበት አንዲት ቃል የላትም። ብቻዬን ሳቅሁ፣ ቀጥዬ ተናደድኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባስ ይዤ፣ በደብረ ወርቅ አድርጌ ሞጣ ገባሁ።

«ጨዋታሽ አይረባም» አልኳት ገና በሩ ላይ።

«ውይ እትዬ! ምኑ?»

«ሴትዮዋ እንቢ አትልም።»

«አባቷን? ምን ነካሽ! ጨዋ ልጅ እኮ ናት!»

«ማርስ ሄዳም ትሽኮረመማለች?»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጽፋው እንደነበር ነገረችኝ። «እንቢ፣ አባባ» ብላ ጻፈች፣ የአባታችን ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት፣ አጠፋችው። ደግማ ጻፈች፣ ደግማ አጠፋች። አንጀቴን በላችው። ትልቅ ሰው ሲናገር አንገታችንን ደፍተን እሺ እያልን ነው ያደግነው፤ እንኳን በአፋችን፣ በጣታችንም እንቢ ማለት አልለመድንም። የፈጠረቻት ሴት ምን ታድርግ?

«ተነሺ» አልኳት። «ጨዋታውን ለጊዜው ተይው፤ እሳቸው ዘንድ እንሂድ።»

ቢቸና ስንደርስ አባታችን ከሰንበቴ ተመልሰው ደጅ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸውን ሳመች። ገና ሳትቀመጥ «መጣሽልኝ? ዝውውሩን ጨረስሽ?» አሏት።

«አልጨረስኩም፣ አባባ። አልጠየቅሁምም። ለትምህርት አዲስ አበባ እሄዳለሁ።»

እሰይ አልኩ በሆዴ። አባታችንም «ታዲያ እኔ ማን አለኝ?» አሏት።

እህቴ አቀረቀረች፤ «እሺ» ልትል ከንፈሯ ሲላወስ አየሁ።

እኔ ደግሞ እዚያው አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ጠዋት ቁርሳቸውን፣ ማታ መድኃኒታቸውን የማቀርብላቸው እኔ ነኝ።

«አባባ» አልኳቸው፤ «እኔስ ምንዎ ነኝ?»

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።